የፍጥነት መንገዱ የሚዘጋው በሩ ላይ ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ለምታስተዳድሩ፣ የአዲስ አበባን መግቢያ መንገዶች ለምትሠሩ፣ ትራፊኩን ለምትቆጣጠሩ፣ እንዲሁም መሪ ለጨበጥን ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እሑድ ማምሻውን ከአዳማ፣ ከቢሾፍቱ ወይም ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ስለምን እንደማወራ ያውቃል። መንገዱ ደህና ይመጣና ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ መግቢያው ላይ ወዳለው የክፍያ ጣቢያ፣ ሲጠጋ የፍሬን መብራት ይበዛል። ከዚያ ሦስቱም ረድፍ ቀጥ ይላል። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያኔ ጥፋተኛ ፍለጋ ይገባል። አንዱ «መኪና በዛ» ይላል። ሌላው ተሳቢዎቹን ይረግማል። ሦስተኛው «ይሄ መንገድ ጠቧል፣ መስፋት አለበት» ይላል፣ አብዛኛው ሰውም የሚስማማው በዚህ ነው።

እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይህ ሦስተኛው ሐሳብ ነው። መንገዱ አልጠበበም። መሀሉ ላይ ቁሙና እዩት፤ በተጨናነቀ ቀን እንኳ ሞጆና ቢሾፍቱ መካከል መኪናው ይሄዳል። የሚዘጋው ጫፉ ላይ ነው። ጫፉን ሳንነካ መሀሉን ብናሰፋ ሰልፉ ሦስት ረድፍ መሆኑ ቀርቶ አራት ረድፍ ይሆናል እንጂ አንድም ሰው ቀድሞ ቤቱ አይገባም።

አስቀድሜ የመንገዱን ውለታ ልናገር፣ ምክንያቱም ከልቤ የማመሰግነው መንገድ ነው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገራችን የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ነበር። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ አለው፣ የተሠራው በቻይና ኩባንያ፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ሁሉንም ከተማ መሀል ለመሀል እያለፍን፣ ከአህያው፣ ከጋሪው፣ ከባጃጁ፣ ከእግረኛውና ከጅቡቲ ከሚመጣው ተሳቢ ጋር በአንድ አስፋልት እየተጋፋን ነበር የምንሄደው። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደቀረ ቤቱ ይቁጠረው። አዲሱ መንገድ እግረኛና እንስሳ የማይገባበት፣ ግራና ቀኙ የታጠረ፣ ወጪና ገቢው የተለያየ ሆነ። ሰው ዛሬም «በኤክስፕረሱ ነው በአሮጌው?» ብሎ የሚጠይቀው ልዩነቱን ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ ይህን መንገድ የሚዘጋው ምንድን ነው? በወረቀት ላይ እንያዘው።

አሽከርካሪዎች በመካከላቸው ሁለት ሰከንድ ያህል ርቀት ጠብቀው ቢነዱ በአንድ ረድፍ በሰዓት 1,800 መኪና ያልፋል። በሦስት ረድፍ 5,400። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። አሁን ወደ ክፍያ ጣቢያው እንምጣ። አሠራሩ ስትገባ ካርድ ተቀብለህ፣ ስትወጣ በሄድክበት ርቀትና በመኪናህ ዓይነት ሂሳብ መክፈል ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚከማቸው መውጫው ላይ ነው፦ ካርዱን መስጠት፣ ሂሳቡን ማየት፣ ብር መቁጠር፣ መልስ መቀበል፣ ደረሰኝ መያዝ፣ በሩ እስኪነሳ መጠበቅ። ይህ ሁሉ ለአንድ መኪና 20 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል እንበል፤ የታጠፈ ብር ከኪሱ የሚፈልግ ሰው ሲያጋጥም ከዚያ በላይ ነው፣ ግን 20 እንያዝ። አንድ መስኮት በሰዓት የሚያሳልፈው 180 መኪና ይሆናል። አሥር መስኮት ሳያቋርጥ ቢሠራ 1,800።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩልኝ። አሥር መስኮት ተደምሮ የሚያሳልፈው የአንድ ረድፍ ያህል ነው። ሦስት ረድፍ ሠርተን፣ በብድር ከፍለንበት፣ መጨረሻው ላይ አንድ ረድፍ አደረግነው ማለት ነው። ጀበናው ሆዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚቀዳው በአፉ ልክ ነው።

ወደ ስሌቱ ልመለስ። እሑድ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,000 መኪና ወደ በሩ ቢደርስና 1,800 ብቻ ቢወጣ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ 1,200 መኪና ቆሟል። በሦስት ረድፍ ሲካፈል 400፣ ለእያንዳንዱ መኪና ስምንት ሜትር ብንሰጠው ሰልፉ ከሦስት ኪሎ ሜትር ያልፋል። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው 40 ደቂቃ ይጠብቃል። ልብ በሉ፣ እዚህ ስሌት ውስጥ አደጋ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ሥርዓት አልባ ሹፌርም አልጨመርኩም። ሁሉም ሰው ጨዋ ሆኖ፣ መንገዱም ከአቅሙ ግማሽ በትንሹ አልፎ ብቻ ተይዞ ነው ሰልፉ የተፈጠረው። እንግዲህ አንድ መስኮት «ዝግ ነው» የሚል ምልክት ይዞ ሲቆም፣ ወይም ሲስተም ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

«በስልክ መክፈል መጥቷል እኮ» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ መልስ ፍለጋን ያስቀራል። ግን መኪናው አሁንም ይቆማል። ኔትወርክ ይጠበቃል፣ መልእክቱ እስኪገባ ይጠበቃል፣ አንዳንዴ ከብሩ ይብሳል። ሰልፍን የሚቀንሰው የክፍያው ዓይነት ሳይሆን መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ የሚያነበው መለያ ኖሮ ክፍያው አስቀድሞ ከተሞላ ሒሳብ የሚቆረጥ ከሆነ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ያልፋል እንጂ አይቆምም። ይህ በብዙ አገር ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው፣ አዲስ ፈጠራ አልጠየቅኩም። በየቀኑ የሚመላለሰው የሠራተኛ ሰርቪስ፣ የሕዝብ አውቶብስ፣ የትራንስፖርት ማኅበር ተሳቢ፣ እነዚህ ብቻ እንኳ በዚያ ቢያልፉ ለቀሪው መስኮቱ ይቀልለታል። እስከዚያው ድረስ ደግሞ እሑድ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሠራተኛ የእጅ መክፈያ ማሽን ይዞ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ያሉትን ቀድሞ ቢያስከፍል፣ መኪናው በሩ ጋ ሲደርስ ደረሰኝ አሳይቶ ያልፋል። ይህን ለማድረግ ብድር አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ከበሩ ወዲያ ያለውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ በክፍያ ጣቢያው ሠራተኞች ብቻ የሚመለስ አይደለም። እነዚያ ልጆች ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ እየሳቡ የሚሠሩ ናቸው፣ የሰው ሁሉ ንዴት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፣ እኔ በበኩሌ አላማርርባቸውም። በሩ ሁሉ ተከፍቶ ነፃ ቢሆን እንኳ መኪናው የሚወጣው ወዴት ነው? ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ ጎሮ። እዚያ መጋጠሚያ አለ፣ አደባባይ አለ፣ የሚያዞር መኪና አለ፣ የሚሻገር እግረኛ አለ፣ ተሳፋሪ የሚጠራ ሚኒባስ አለ። በ100 እና በ120 ፍጥነት የመጣው ሁሉ ድንገት በከተማ ፍጥነት መሄድ ይጀምራል። የከተማ መንገድ ረድፍ ደግሞ በየመገናኛው ስለሚቆም፣ ከፍጥነት መንገድ ረድፍ ግማሹን እንኳ አያሳልፍም። ስለዚህ መጋጠሚያው ሲሞላ ሰልፉ ወደ ኋላ ይመጣል፣ በሩን ያልፋል፣ ፍጥነት መንገዱ ላይ ይወጣል። ፍጥነት መንገዱ ላይ ያለው ሰው «መንገዱ ተዘጋ» ይላል። መንገዱ ግን የተዘጋው ገና ባልደረሰበት አደባባይ ላይ ነው።

የልቤን ልናገር? የችግሩ እምብርት ይህ ይመስለኛል። የፍጥነት መንገዱን የሚያስተዳድረው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን አስፋልት የሚሠራው ሌላ ነው። የትራፊክ ፖሊሱም አንዱ ጋ የክልል፣ ሌላው ጋ የከተማ ነው። የእያንዳንዱ ኃላፊነት ድንበር አለው፣ ሰልፉ ግን ድንበር አያውቅም። አንደኛው «የኔ መንገድ ክፍት ነው» ቢል እውነቱን ነው፣ ሌላው «እኔ ከተማውን ነው የማስተናግደው» ቢል እሱም እውነቱን ነው። በመሀል ሰው ሕፃን ይዞ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። በበዓልና በእሑድ ማታ ከሁላችሁም አንድ አንድ ሰው የሚቀመጥበት፣ በካሜራ ሁለቱንም ወገን የሚያይ፣ «ቱሉ ዲምቱ ላይ የቃሊቲውን አቅጣጫ ለአሥር ደቂቃ ልቀቁት» ብሎ ማዘዝ የሚችል አንድ ክፍል ይኑር። ብዙ ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ስለ ተሳቢዎቹም ፍትሐዊ ልሁን። እኛ የቤት መኪና ነጂዎች ተሳቢን መጥላት ይቀናናል። ግን የምንበላው ዘይትና ስንዴ፣ የምንነዳበት ነዳጅ፣ የምንሠራበት ብረት የሚመጣው በነዚሁ ተሳቢዎች ነው። የአገራችን የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው፣ ወደ መሀል አገር የሚመጣውም ጭነት አብዛኛው በዚሁ በአዳማና በሞጆ በኩል ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብም እዚሁ ነው። ቦቴውና ኮንቴይነር ጫኙ መንገዱ ላይ ያለው ሥራው ስለሆነ ነው።

ችግሩ ሌላ ነው፣ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ማለትም ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መምጣት ዳገት መውጣት ነው፣ ዓይን ባያየውም ሞተሩ ያውቀዋል። አገራችን የምታስገባው ጭነት ደግሞ ከምታስወጣው ይበልጣል። ስለዚህ ሙሉ የጫነው ተሳቢ የሚወጣው ዳገቱን ነው፣ ቁልቁል የሚወርደው ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። እሑድ ማታ የመዝናኛው ሰው ሁሉ የሚመለሰውም በዚያው በዳገቱ አቅጣጫ ነው። የከበደውና የቸኮለው በአንድ ወገን፣ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ።

አንዱ ተሳቢ በ60 እየሄደ ሌላው በ65 ሊቀድመው ወደ መሀል ረድፍ ቢወጣ፣ የሁለቱን ርዝመትና ርቀት ጨምሮ ወደ 60 ሜትር መብለጥ አለበት። በሰዓት የአምስት ኪሎ ሜትር ልዩነት ይህን ለመጨረስ ከ40 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ 800 ሜትር ያህል መንገድ ያልፋል። ያን ሁሉ መንገድ ሁለት ረድፍ ከ65 አይበልጥም ማለት ነው። ከኋላ በ100 የሚመጣው ሁሉ ፍሬን ይይዛል ወይም ወደ ግራ ረድፍ ይጋፋል፣ እዚያ በ120 የሚመጣው ደግሞ ይደነግጣል። ረድፎቹ በፍጥነት የተከፋፈሉት፣ ቀኙ ለ80፣ መሀሉ ለ100፣ ግራው ለ120 የተባለው ለዚህ ነበር። ምልክቱ ተተክሏል፣ የሚያስከብረው ግን ሲጠፋ ትርጉም የለውም። በበዓል ዋዜማና እሑድ ማታ በዳገቱ አቅጣጫ ተሳቢ ተሳቢን እንዳይቀድም መከልከል ለማንም ብዙ ዋጋ የለውም፤ ሹፌሩ የሚዘገየው ጥቂት ደቂቃ ነው።

በዚህ ላይ የአዲስ አበባ የከባድ መኪና የሰዓት ገደብ አለ። የገደቡ ዓላማ ይገባኛል፣ ቀን ላይ ከተማ ውስጥ የሚገባ ተሳቢ የሚያደርሰውን ሁላችንም አይተናል። ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚከፈት በር ፊት ለፊቱ ሰልፍ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ዳር ይዞ የቆመው ሁሉ ሰዓቱ ሲደርስ በአንዴ ይነሳል፣ የሚነሳበትም ጊዜ ከከተማው ሰው መመለሻ ጋር ይጋጫል። ሰዓቱን በመኪናው ዓይነት ወይም በመዳረሻው ከፋፍሎ፣ አንዱን ቀደም ሌላውን ዘግየት ማድረግ ይቻላል። ከሹፌሮቹ ጋር ተቀመጡና ጠይቋቸው። መንገዱን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ነጂዎች ልምጣ። ሁሉን መንግሥት ላይ ደፍቼ አልሄድም።

አንዳንዴ ወረፋም የለም፣ አደጋም የለም፣ መንገዱ ግን ይቆማል። ቀስ ብለን እንሄድና ድንገት ይለቃል፣ ወደ ጎን ብናይ ምንም የለም። ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን አሳይተዋል። 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አሰልፈው፣ ሁሉም በእኩል ርቀት በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንዲዞሩ አደረጉ። መብራት የለም፣ መጋጠሚያ የለም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ በጥቂቱ ቀነሰ፣ ከኋላው ያለው ትንሽ አብዝቶ ፍሬን ያዘ፣ የሚቀጥለው ከዚያ አብዝቶ። በመጨረሻ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ቆሙ። መጨናነቁ ራሱ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። ጥናቱ የወጣው በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በኛ መንገድ ላይ ይህን ማዕበል የምንሠራው እኛው ነን። በ100 ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ማለት 55 ሜትር ነው። 55 ሜትር ክፍት ትታችሁ ሞክሩ፣ ወዲያው ቪትዝ ይገባበታል፣ ፍሬቻም አያሳይ። ከዚያ እናንተ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ከኋላችሁ ያለው ይይዛል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ የማያውቀን ሰው ይቆማል። ግራ ረድፍ ላይ በ80 እየሄደ ስልክ የሚያወራውም እንዲሁ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ከሁሉ በላይ የመንገድ ትከሻውን ይዞ ሰልፉን የሚዘለው ነው። ያ ቦታ ለአምቡላንስና ለተበላሸ መኪና የተተወ ነው። ፊት ለፊት ጎማ ፈንድቶበት የቆመ ሰው ጋ ሲደርስ መልሶ በግድ ሊገባ ይጋፋል፣ በዚያ ሽኩቻ እንደገና ረድፉ ይቆማል፤ እሱ ያተረፈው ሦስት ደቂቃ ከኋላው ባሉት መቶዎች ላይ ነው የሚከፈለው።

አደጋን በአጭሩ ልለፈው፣ አሳዛኝ ስለሆነ እንጂ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ከሦስት ረድፍ አንዱ ሲዘጋ የሚቀረው አቅም ሁለት ሦስተኛ ይመስላል። በመንገድ ምሕንድስና የሚታወቀው ግን የሚቀረው ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ረድፍ ይቀይራል፣ ሁሉም ቀንሶ ያያል። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ምንም ያልተነካው ሰው እንኳ አንገቱን አዙሮ ሲያይ ያኛውም ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዷ ደቂቃ ትልቅ ዋጋ አላት። ስፖኪዮ የተነካካ ሁለት መኪና ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ መሀል መንገድ ላይ የሚቆምበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ሰው ካልተጎዳ በስልክ ፎቶ አንስተው ዳር እንዲወጡ፣ ኢንሹራንሱም ፎቶውን እንዲቀበል ግልጽ መመሪያ አውጡና በየክፍያ ጣቢያው ለጥፉት። ሰው ከቦታው የማይነሳው «ብነሳ ጥፋተኛ እባላለሁ» ብሎ ፈርቶ ነው። ከባድ ማንሻ ክሬን ደግሞ በበዓል ቀን ከሩቅ የሚጠራ ሳይሆን መንገዱ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ይሁን።

እንግዲህ «ይስፋ» ለሚሉት መልስ ልስጥ። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ ኬቲ የሚባለው የፍጥነት መንገድ አለ። የጎን መንገዶቹ ተቆጥረው በአንዳንድ ቦታው 26 ረድፍ ይደርሳል። ሰፍቶ ያለቀው በ2008 እንደነሱ አቆጣጠር ነው፣ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት መልሶ ተጨናነቀ። መንገድ ሲሰፋ ቀድሞ የማይሄደው ይሄዳል፣ በሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው በዚያ ሰዓት ይሄዳል፣ ሩቅ ቤት የማይሠራው ሩቅ ይሠራል። እኛም ጋ ታይቷል። መንገዱ ባይኖር ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ምሳ በልቶ የሚመለስ ሰው ይህን ያህል ባልሆነ። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ሲከፈት የሐዋሳው ሰውም ተጨመረበት። ይህ መጥፎ አይደለም፣ መንገዱ የተሠራው ለዚሁ ነው። ግን የጨመርነው ሁሉ የሚወጣው በዚያው በር መሆኑን እንዳንረሳ።

የሚመጣው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ የሚያስተናግድ አየር ማረፊያ ታቅዷል። ከመንገደኛው ብዙው ትራንዚት ይሆናል፣ እሺ። ሠራተኛው፣ ሸኚው፣ ተቀባዩ፣ ካርጎው ግን መንገድ ላይ ነው የሚወጣው። ለሰልፍ የማይመች ጉዞ ካለ ደግሞ የአውሮፕላን ጉዞ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም መፍትሔ ሆኖ ሲቀርብ እሰማለሁ። ጭስ ይቀንሳል፣ የነዳጅ ወጪ ይቀንሳል፣ ደስ ይላል። ቦታ ግን እኩል ነው የሚይዘው።

በዋጋ መቆጣጠርስ? ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን አይ 66 የሚባለውን መንገድ ያውቁታል። በሥራ ሰዓት መንገዱ ሲሞላ ክፍያው ይጨምራል፣ ሲቀል ይቀንሳል፤ ሲጀመር 40 ዶላር የደረሰበት ቀን ነበር። ይህን እንዳለ እዚህ አምጡት አልልም። አማራጭ ሳይኖረው ሰውን በዋጋ መቅጣት ግፍ ነው፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ አሮጌው መንገድ ይወርድና የዱከምና የቢሾፍቱ እግረኛ ይጎዳል። ግልባጩን ግን ሞክሩት። እሑድ ከ8 ሰዓት በፊት ለሚመለስ፣ ወይም ሰኞ ጠዋት በጣም ማልዶ ለሚገባ ክፍያውን ዝቅ አድርጉለት። ጥቂቱ እንኳ ሰዓቱን ቢቀይር ሰልፉ ያጥራል። ከላይ ባለው ስሌት 3,000 የነበረው 2,400 ቢሆን የተረፈው መኪና ከ1,200 ወደ 600 ይወርዳል። መንገደኛው በአምስተኛ ቀነሰ፣ ሰልፉ ግን በግማሽ አጠረ። ስለዚህ ሁሉንም ሰው ማሳመን አያስፈልግም።

ባቡሩን አለመናገርም አልችልም። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ድርብ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነው ነጠላ የሚሆነው። ለቡ ጣቢያ አለ፣ ቢሾፍቱ አለ፣ ሞጆ አለ፣ አዳማ አለ። ቅዳሜና እሑድ በነዚህ መካከል ብቻ የሚመላለስ የሰው ባቡር፣ ከጣቢያው ወደ ከተማው የሚያገናኝ አውቶብስ ተዘጋጅቶለት ቢሄድ፣ ቤተሰቡን ይዞ መኪና የማይነዳ ሰው ይኖራል። ጣቢያዎቹ ከከተማ የራቁ መሆናቸው አውቶብሱን ግድ ያደርገዋል እንጂ ባቡሩን አያስቀርም።

የምለምናችሁ ነገር ለመጀመር ትንሽ ነው። ካርዱ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰዓት ስንት መኪና በየትኛው በር እንደገባና እንደወጣ፣ ስንት መስኮት ክፍት እንደነበረ መረጃው እጃችሁ ላይ አለ። በየወሩ ለሕዝብ አውጡት። እኛም ከመሳደብ እንድናለን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንም በሂውስተን ሳይሆን በራሳቸው መንገድ ላይ ጥናት ይሠራሉ።

ከዚያ ተከታታይ አራት እሑዶችን ምረጡ። ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለው መስኮት ሁሉ ይከፈት። የእጅ ማሽን የያዙ ሠራተኞች ሰልፉ ውስጥ ይግቡ። ከበሩ ወዲያ ባለው መጋጠሚያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ መውጫውን ያስለቅቅ፣ ሚኒባስ እዚያ አፉ ላይ ቆሞ እንዳይጭን ያድርግ። ተሳቢ በዳገቱ አቅጣጫ ቀኙን ይያዝ። ክሬኑ ዱከም አካባቢ ይቁም። የሰልፉን ርዝመት በየሰዓቱ ለኩና ከቀደሙት አራት እሑዶች ጋር አስተያዩት። የቢሾፍቱ ኢሬቻ፣ የታኅሣሥ 19ኙ የቁልቢ ገብርኤል፣ የገና መንገደኛ ሁሉ በዚሁ መንገድ ስለሚሄድ ሙከራው ከነዚያ በፊት ቢሆን ይጠቅማል።

መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ መውጫው ተለቅቆ ሰልፉ ያው ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ ስለ አራተኛ ረድፍ እንነጋገር፣ እኔም እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንገዱ ተጠቃሚ፣ ከአዳማ